አዳራሹ ይዘጋ እንጂ ቤተ መጻሕፍቱ ለምን? «በወረርሽኝ ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ትርፍ ቤት ነው» ለሚለው ጽሑፍ የቀረበ ምላሽ

ሰሞኑን በሰሜን ሸዋ ከተሞች ስለሚገኙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በስልክ ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔም በሁለት ቀን ውስጥ ከአራት ሰዎች ደርሶኛል። ከላኩልኝ አንዱ በቤተ መጻሕፍታችን ተቀምጦ አጥንቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ወጣት ነው፤ ከጽሑፉ ሥር «ጋሼ፣ እውነት ነው ግን?» የሚል ጥያቄ ብቻ ጨምሮበታል። ይህን ምላሽ የምጽፈው በመጀመሪያ ለእርሱ፣ ቀጥሎም ጽሑፉን አንብበው «ልክ ነው» ላሉ ሁሉ ነው።

ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ለሕዝብ ገንዘብ የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸው ይታያል። ስለዚህ አሳባቸውን ሳላጣምም በአጭሩ ላስቀምጠው። መነሻቸው የ2012ቱ የኮሮና ወረርሽኝ ነው። ቤተ መጻሕፍት ሰው የሚታጨቅበት ቤት፣ መጽሐፍም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ዕቃ ስለሆነ፣ ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር ከነሙሉ አገልግሎቱ መዘጋት አለበት ይላሉ። ማንበብ የፈለገ ሰው በዚያን ጊዜ በስልኩ አንብቧልና ወረርሽኙ የቤተ መጻሕፍት ዘመን ማለፉን አሳይቷል ይላሉ። በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት አሠራራቸውን ለውጠው አገልግሎታቸውን ቀጠሉ የሚባለው የሀብታም ወግ ነው፤ መብራት በሚጠፋበት፣ የመጻሕፍቱ ዝርዝር ኮምፒዩተር ላይ ባልሰፈረበት በእኛ አገር አይታሰብም ሲሉም ይከራከራሉ። ቀጥለው፣ ሠራተኞቹ ለወራት ሳይሠሩ ደመወዝ በልተዋልና ወደ ፊት እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ በጀቱ ወደ ጤና ይዙር ይላሉ። በመጨረሻም የእኛ ቤተ መጻሕፍት ተጠቃሚ የራሱን ደብተር ይዞ የሚመጣ ተማሪ እንጂ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ስላልሆነ፣ ቤቱ ሲዘጋ የጎደለ ነገር አልነበረም ብለው ይደመድማሉ።

እኔ በዞኑ ካሉት የወረዳ ከተሞች በአንዷ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለብዙ ዓመታት ያገለገልሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ የጉዳዩ ባለቤት እንጂ ከውጭ ቆሞ የሚፈርድ ዳኛ አይደለሁም፤ አንባቢ ይህን አስቀድሞ ይወቅልኝ። ያም ሆኖ ከጸሐፊው ጋር የሚያለያየን ዋናው ነገር ፍቅርና ጥላቻ ሳይሆን ቤተ መጻሕፍት የሚለውን ቃል የምንረዳበት መንገድ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ሰው የሚቀመጥበት አዳራሽ፣ በመደርደሪያ ላይ ያሉት መጻሕፍት፣ አንባቢንና መጽሐፍን የሚያገናኘው ባለሙያ። በወረርሽኝ ጊዜ የሦስቱ አደጋ እኩል አይደለም፤ የሦስቱ ጥቅምም በተመሳሳይ መንገድ አይቋረጥም። ጸሐፊው ግን ሦስቱን በአንድ ቁልፍ ቆልፈውባቸዋል፤ በጽሑፋቸው ውስጥ ያየኋቸው ስሕተቶች በአብዛኛው የሚመነጩትም ከዚህ ነው።

ስለ መዝጋቱ በተነሣው ነጥብ ልጀምር፤ ብዙ የምለውም እዚህ ላይ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው በሽተኛ መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 7 ቀን ደግሞ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። የንባብ አዳራሾች አብረው መዘጋታቸው ትክክል ነበር፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንዳች ልዩነት የለኝም። ስለ በሽታው የሚታወቀው ጥቂት ነበር፤ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ በነበረው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሏል። በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ስምንትና አሥር ተማሪ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ የሚቀመጥበትን አዳራሽ በዚያን ሰሞን ክፍት ማድረግ በሰው ሕይወት መጫወት በሆነ ነበር።

መጽሐፍ መንካትን በመፍራትም ቢሆን በዚያን ጊዜ ማንም ሰው አይወቀስም። በዚያው በመጋቢት ወር የወጣና በዓለም ዙሪያ የተጠቀሰ የቤተ ሙከራ ጥናት ቫይረሱ በካርቶን ላይ እስከ 24 ሰዓት፣ በፕላስቲክ ላይ ደግሞ እስከ 72 ሰዓት ሊቆይ እንደሚችል አሳይቶ ነበር። ስለዚህ የቤተ መጻሕፍት ሰዎች ጉዳዩን በግምት አልተዉትም። በአሜሪካ ኦሲኤልሲ የተባለው የቤተ መጻሕፍት ድርጅትና ባቴል የተባለው የምርምር ተቋም፣ ከአገሪቱ የሙዚየምና የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ተቋም ጋር ሆነው፣ ቫይረሱን በመጽሐፍ ሽፋን፣ በተዘጋ መጽሐፍ ገጽና በፕላስቲክ ልባስ ላይ እያስቀመጡ መረመሩ። በሰኔ 2012 የወጣው የመጀመሪያ ውጤት መጻሕፍቱ ተለያይተው ሲቀመጡ ከሦስት ቀን በኋላ ቫይረሱ እንደማይገኝባቸው አመለከተ። በነሐሴ መጨረሻ የወጣው ሌላ ሙከራ ደግሞ ተደራርበው በተቀመጡ ዕቃዎች ላይ ከስድስት ቀን በኋላም ቫይረሱ መገኘቱን ገለጠ። ጸሐፊው ይህን ሁለተኛውን ውጤት ብቻ ነጥለው ጠቅሰዋል፤ ውጤቱ ግን ለእኔ የሚነግረኝ መጻሕፍቱን አትከምር፣ ዘርጋቸው የሚል የሥራ መመሪያ ነው እንጂ ቤቱን ዝጋ የሚል ፍርድ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የመጣውንማ ጸሐፊው ጨርሶ አላነሡትም። በመጋቢት 2013 መጨረሻ የአሜሪካ የበሽታ መከላከልና መቆጣጠር ማዕከል የተሰበሰቡትን ጥናቶች መዝኖ፣ አንድ ሰው ቫይረሱ ያለበትን ዕቃ በመንካት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ በጥቅሉ ከ10,000 አንድ እንኳ የማይሞላ መሆኑን አስታወቀ። ዋናው መተላለፊያ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አብረን የምንተነፍሰው አየር ነበር። እንግዲህ አደጋው ያለው አዳራሹ ውስጥ ሆኖ ሳለ መጽሐፉን በወንጀለኛነት ማሰር፣ አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ዓይነት ነው። አዳራሹ ይዘጋ ካልን፣ መጽሐፉ በመስኮት የማይወጣበት ምን ምክንያት አለ?

ስለ አየር ካነሣን አንድ የአገራችንን ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በዚህ ላይ የእኛ ቤተ መጻሕፍት ከኒው ዮርክም ከአዲስ አበባም የተለየ ችግር አለበት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ወደ መንዝና ወደ ጣርማ በር ሲሄዱ ብርዱ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ተማሪ ጋቢውን ደርቦ የሚያጠናበትን አዳራሽ «መስኮቱን ክፈቱ» ብሎ ማዘዝ በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ አንዱ ከፍቶ ሳይቀመጥ ሌላው ተነሥቶ ይዘጋዋል። ይህ ጸሐፊው ሊያነሡት ይችሉ የነበረ ብርቱ ክርክር ነበርና ስላላነሡት ገርሞኛል። መልሱ ግን በእጃችን ነው። በእኛ ደጋ ጠዋት ከግንብ ሥር ፀሐይ እየሞቁ መቀመጥ የኖረ ልማድ ነው። የተወሰኑ ወንበሮችን ከአዳራሽ አውጥቶ ፀሐይ በሚያርፍበት የግቢው ክፍል መደርደር፣ በውስጥ የሚቀሩትን ማራራቅ፣ በየሁለት ሰዓቱ አዳራሹን አስወጥቶ በርና መስኮቱን ለሩብ ሰዓት ከፍቶ ማናፈስ፣ ተጠቃሚውን በፈረቃ ማስገባት የሚጠይቀው ገንዘብ የለም። ትምህርት ቤቶች በ2013 መጀመሪያ ሲከፈቱ ተማሪውን በፈረቃ ከፍለው አስተምረዋል። ልጁ ጠዋት በክፍል ውስጥ ከሃያ ልጆች ጋር እንዲቀመጥ ተፈቅዶለት፣ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍት ግቢ ፀሐይ ላይ እንዳይቀመጥ የሚከለከልበት አመክንዮ አልታየኝም። እኛ ጋ ግን ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላም አዳራሹ ለወራት እንደ ተዘጋ ቆይቷል፤ በዚህ ጉዳይ ጥፋቱ የእኛም ጭምር ነው፤ አልክድም።

ወደ ስልኩ ክርክር ልለፍ። ጸሐፊው በቴሌግራም የተሠራጩ መጻሕፍትና የትምህርት ማስታወሻዎች ብዙ ተማሪ እንደረዱ ይጽፋሉ። እውነት ነው፤ እኔም የ12ኛ ክፍል መጻሕፍትን ለልጆች በዚሁ መንገድ ልኬያለሁ። ይሁንና እርሳቸው «ማንበብ የፈለገ ሁሉ» ሲሉ በዓይናቸው የሚታያቸው ልጅ ስልክ ያለው፣ ካርድ የሚሞላ፣ ኔትወርክ በሚይዝ ሠፈር የሚኖር የከተማ ልጅ ይመስለኛል። እኔ የማውቃቸው ተማሪዎች ብዙዎቹ ከገጠር ቀበሌ መጥተው በከተማ ቤት ተከራይተው፣ ከቤተሰብ በሚላክ ስንቅ የሚማሩ ናቸው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሄዱት ወደ ወላጆቻቸው ቀዬ ነው። ከነዚህ ቀበሌዎች ብዙዎቹ መብራት የላቸውም፤ ስልክ ለመደወል ኮረብታ የሚወጣባቸው፣ ባትሪ ለማስሞላት የገበያ ቀን የሚጠበቅባቸው ናቸው። ለእነዚህ ልጆች ትምህርት ሚኒስቴር በሬዲዮ ያስተላለፈው ትምህርት ከቴሌግራሙ ይልቅ ቅርብ ነበር፤ ከሬዲዮው ደግሞ ደጋግሞ የሚገለጥ የታተመ መጽሐፍ ይቀርባቸው ነበር።

በዚያው ክረምት የሆነውንም እናስታውስ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት ባለስልኩም ስልክ የሌለውም እኩል ሆኑ፤ በአዲስ አበባ መሐል ተቀምጦ በስልኩ የሚያነበው ሰው እንኳ የሚያነበው አስቀድሞ ያወረደውን ብቻ ነበር። በመደርደሪያ ላይ ያለ መጽሐፍ ግን አይቋረጥም። ወረርሽኙ አንድ ነገር አሳይቷል ከተባለ፣ ንባብን በአንድ መስመር ላይ ብቻ ማንጠልጠል አደገኛ መሆኑን ነው ያሳየው። በስልክ የሚደርሰውን በስልክ፣ በወረቀት የሚደርሰውን በወረቀት ማድረስ ያስፈልጋል፤ የትኛው አንባቢ በየትኛው እንደሚደረስ የሚያውቀው ደግሞ ያ ጸሐፊው ትርፍ ነው ያሉት ባለሙያ ነው።

ይህም ብቻ አይደለም። በስልክ ሲዘዋወሩ ከነበሩት መጻሕፍት ብዙዎቹ ደራሲው ሳይፈቅድ ፎቶ እየተነሡ የተሠራጩ ናቸው። በችግር ቀን የሆነውን አልኮንንም፤ እኔም ከላኪዎቹ አንዱ ነበርሁ። ነገር ግን ያልተፈቀደ ሥርጭትን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ምትክ አድርጎ በቋሚነት ማቀድ ደራሲን ማስራብ ነው። ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው የአሜሪካ ተቋም በዚያው መጋቢት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ብሎ በስካነር ወደ ኮምፒዩተር የተገለበጡ መጻሕፍትን ያለ ወረፋ ለዓለም ቢከፍት፣ አሳታሚዎች ከሰሱትና በሰኔ መጀመሪያ መልሶ ዘጋው። በጎ አሳብም ቢሆን በሌላ ሰው ንብረት ላይ ከቆመ ብዙ አይዘልቅም።

አሁን «የሀብታም ወግ» ወደተባለው ልምጣ። የኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በመጋቢት 2012 ቅርንጫፎቹን ሁሉ ዘግቶ፣ በሐምሌ መጀመሪያ ጥቂቶቹን ሲከፍት ሰው አስቀድሞ ያዘዘውን መጽሐፍ ከበር ተቀብሎ እንዲሄድ ብቻ በማድረግ ነበር። በአውስትራሊያ በሜልበርን ከተማ ዳርቻ ያለ አንድ የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ሠራተኞቹን አስቀምጦ ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት በላይ ለሆነ አባላቱ ስልክ እያስደወለ ደኅንነታቸውንና የሚፈልጉትን ያስጠይቅ ነበር። የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ሕንጻዎቹ ቢዘጉም ዋይፋዩ እንዳይጠፋ መከረ፤ ሰው ከግቢው ውጭ ቆሞም ቢሆን እንዲጠቀም ነው። ከእነዚህ ውስጥ ዋይፋዩ ገንዘብ ይጠይቃል፤ እርሱን ለጸሐፊው እተውላቸዋለሁ። ከበር መስጠትና ስልክ መደወል ግን ሀብት የሚጠይቁት የት ላይ ነው? የሚጠይቁት መዝገብ፣ እስክሪብቶና የሰው ትጋት ነው።

እንዲያውም መጽሐፍን ወደ አንባቢው መውሰድ ከድሀ አገር የተማሩት ሥራ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በኬንያ ጋሪሳ ከ1996 የፈረንጆች ዓመት ጀምሮ መጻሕፍት በግመል ተጭነው ወደ አርብቶ አደሩ መንደር ተጉዘዋል። በእኛም አገር ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የመሠረቱት ኢትዮጵያ ሪድስ በሐዋሳ አካባቢ በአህያ የሚጎተት የልጆች ቤተ መጻሕፍት አንቀሳቅሷል። አህያ በሰሜን ሸዋ ብርቅ ነው የሚል ካለ ይናገር። ቤተ መጻሕፍቱ ወደ ሰው ይሂድ የሚለው አሳብ ወረርሽኝ ከመምጣቱ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ፣ መብራትና ኮምፒዩተር ሳይጠብቅ የተሠራበት ነው።

የራሳችንንም ልናገር። በ2012 ክረምት አዳራሹ እንደ ተዘጋ ውሰቱን በመስኮት ጀመርን። መጀመሪያ የበላይ ቢሮ ፈቃድ ለመስጠት ሲያመነታ ጥቂት ሳምንታት ባክነዋል፤ ያ ባይሆን ኖሮ ከሰኔ ጀምሮ በሠራን ነበር። አሠራሩ ይህን ይመስል ነበር። ተማሪው ይደውላል ወይም በሰው ይልካል፤ የሚፈልገውን መጽሐፍ እኛ ከመደርደሪያ አውጥተን ስሙን በመዝገብ እንጽፋለን፤ መስኮቱ ሥር ባለች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ዘወር እንላለን፤ እርሱ መጥቶ ይወስዳል። የተመለሰው መጽሐፍ ቀኑ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ገብቶበት በተለየ መደርደሪያ ላይ፣ ሳይደራረብ ተዘርግቶ፣ ለአራት ቀን ይቆያል። በኋላ ስለ አየሩ በደንብ ሲታወቅ የማቆያውን ቀን አሳጠርነው፤ የሰዉን ርቀትና ጭምብሉን ግን አጠበቅነው። በኮምፒዩተር ያልሰፈረው ዝርዝር፣ ጸሐፊው ያሉት እንቅፋት፣ በእርግጥ አስቸግሮናል፤ ሰው በስልክ «ይህ መጽሐፍ አለ?» ሲል ሄዶ በዓይን ማየት ግድ ነበር። አዘገየን እንጂ አላቆመንም።

ወደ ገጠር የሄዱትን ለመድረስ የገበያን ቀን ተጠቀምን። አንድ ቀን እህል ሸጠው የሚመለሱ አባት መስኮቱ ድረስ መጥተው ልጃቸው በደብተር ቅዳጅ ላይ የጻፈችውን የሦስት መጽሐፍ ስም ሰጡኝ፤ «ልጄ የላከችኝ ነው፤ እኔ ማንበብ አልችልም፤ አንተ አንብብና ስጠኝ» አሉኝ። ሁለቱን አገኘሁላቸው። ዝናብ እንዳያገኛቸው በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በማዳበሪያ ከረጢታቸው ውስጥ ከጨውና ከበርበሬው ለይተው እንዲይዙ ነግሬ ሰጠኋቸው። ሦስተኛውን በሚቀጥለው ገበያ መጥተው ወሰዱ። ጸሐፊው «አይታሰብም» ያሉት ነገር በዚህ መልክ ተሠርቷል። ያልተመለሱ መጻሕፍት አሉ፤ በዝናብ የተበላሸም አለ፤ ይህን አልሸሽግም። ነገር ግን በተቆለፈ ክፍል ውስጥ አይጥና እርጥበት የሚያጠፋው መጽሐፍ ከዚያ ያነሰ አይደለም።

በበጀቱ ጉዳይ የጸሐፊውን ቁጣ ከልብ እረዳለሁ። ጭምብልና ሳኒታይዘር በጠፋበት ወቅት ደመወዝ እየተከፈላቸው ቤታቸው የተቀመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ፤ ከእነርሱ መካከል የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችም ነበሩበት። ሆኖም መድኀኒቱ ሠራተኛውን ማሠራት ነው እንጂ ቤቱን ማፍረስ አይደለም። የአንዲት ወረዳ ቤተ መጻሕፍት በጀት ደመወዙ ሲቀነስ የሚቀረው ጋዜጣ መግዣ፣ የአምፖልና የመጥረጊያ ነው፤ በዚያ ጤና ጣቢያ አይቋቋምም። ደመወዙ የሚከፈለው ሰው ግን ብዙ ሊሠራ ይችላል። የሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ከበሽተኛ ጋር የተገናኙ ሰዎችን በስልክ ፈልጎ በማግኘት ሥራ ላይ ተመድበው ሠርተዋል፤ የተመረጡትም ሰውን በትዕግሥት መጠየቅና መረጃን በሥርዓት መመዝገብ ሙያቸው ስለሆነ ነው። በቶሮንቶ የተዘጉ ቅርንጫፎች ለችግረኞች ምግብ ማደያ ሆነዋል።

በእኛም በኩል አንድ ሥራ ነበር፤ በበቂ ባለመሥራታችን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም እርሱ ነው። በዚያ ወቅት ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ሎሚና አረቄ በሽታውን ይፈውሳሉ፤ በደጋና በብርድ አገር ወይም በጸሎት አገር አይገባም የሚለው ወሬ ከበሽታው ቀድሞ በየቤቱ ይደርስ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅትም ከበሽታው ጋር የሐሰት መረጃ ወረርሽኝ መኖሩን አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ዋና ሥራው ወሬን ከምንጩ ማረጋገጥ ነው። ከጤና ጽሕፈት ቤት ጋር ሆኖ በየሳምንቱ የተረጋገጠውን በአማርኛ፣ በትልቅ ፊደል ጽፎ በቤተ መጻሕፍቱ በር፣ በእህል በረንዳውና በአውቶቡስ መናኸሪያው መለጠፍ፣ የ8335ን ነጻ የስልክ መስመር ማሳወቅ፣ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ «ይህን ማን አለው? መቼ አለው?» ብሎ ማስረዳት ይችል ነበር። ይህን ለጤና የዋለ በጀት ብለን ብንቆጥረው ጸሐፊው የሚቃወሙ አይመስለኝም።

ጸሐፊው በጽሑፋቸው መሐል የ1911ዱን የኅዳር በሽታ ጠቅሰው፣ «አያቶቻችን ያለ ቤተ መጻሕፍት አልፈውታል» ይላሉ። አልፈውታል፤ ያለፉት ግን ብዙ ሺህ ሰው በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ቀብረው ነው። ኅዳር ሲታጠን እያልን በኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን የምናቃጥለው ያን ጊዜ ለማስታወስ መሆኑን ከሽማግሌ የሰማ ሰው ያውቃል፤ ዛሬ የሚያጥኑ ብዙ ወጣቶች ግን አያውቁም። በእያንዳንዱ ወረዳ ያኔ ምን እንደ ሆነ፣ ማን ምን እንዳደረገ፣ ምን እንደ ረዳና ምን እንዳልረዳ የተጻፈ ነገር ፈልገን የምናገኘው እጅግ ጥቂት ነው። በ2012 እኛ ያንኑ ስሕተት እየደገምን ነበር። ሚያዝያ 11 ቀን ፋሲካ ሲውል ምእመናን በየቤታቸው ሆነው የትንሣኤውን ቅዳሴ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ሲከታተሉ፣ ለቅሶ በጥቂት ሰው ሲደረግ፣ ዕድሮች ሥርዓታቸውን ሲለውጡ፣ ቀበሌዎች ማስታወቂያ ሲለጥፉ፣ ይህን ሁሉ ሰብስቦ የሚያስቀምጠው ማን ነበር? በብዙ አገር ያሉ ቤተ መጻሕፍት በዚያ ዓመት ማስታወቂያዎችን፣ ደብዳቤዎችንና የሰዎችን የዕለት ማስታወሻ ሰብስበዋል። እኔ ከበር ላይ ነቅዬ ያስቀመጥኋቸው ጥቂት ማስታወቂያዎች አሉ፤ ጥቂት መሆናቸው ያሳዝነኛል።

የቀረው «ተጠቃሚው ደብተሩን ይዞ የሚመጣ ተማሪ ነው» የሚለው ነው። ግማሹ እውነት ነው። በእኛ ቤተ መጻሕፍት ከሚቀመጡት ብዙዎቹ የራሳቸውን ማስታወሻ ያነብባሉ፤ ልብ ወለድ ወይም ታሪክ የሚዋሱት ጥቂቶች ናቸው፤ ይህ እንዲለወጥ እኔም እመኛለሁ። ይሁን እንጂ ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው «የጎደለ የለም» ማለታቸው ልጁ ደብተሩን የሚገልጥበት ሌላ ቦታ እንዳለው በመገመት ነው። ሦስትና አራት ሆነው በአንዲት ክፍል ለተከራዩ፣ በአንድ አምፖል ሥር እየበሰለ፣ እየታጠበና እየተተኛ ለሚማሩ ልጆች ጠረጴዛ፣ ወንበርና ጸጥታ ራሳቸው አገልግሎት ናቸው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በወረርሽኙ ምክንያት ተገፍቶ የተሰጠው በየካቲት 2013 መጨረሻ ነበር። ልጆቹ ከመጋቢት እስከ የካቲት አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት በቀረው ጊዜ ለአንድ ፈተና ተዘጋጅተው ሲጠብቁ፣ ከቤተሰብ ሥራ ጋር እየታገሉ፣ ሴቶቹ ደግሞ በአንዳንድ ቤት የጋብቻ ጥያቄ እየተቋቋሙ፣ ጸጥ ብሎ የሚጠና ቦታ ምን ያህል እንዳስፈለጋቸው እነርሱን መጠየቅ ይቻላል። ጸሐፊው አልጠየቋቸውም፤ እኔ ግን በመስኮቱ በኩል በየቀኑ «አዳራሹ መቼ ነው የሚከፈተው?» የሚለውን ጥያቄያቸውን ስመልስ ነበር።

እንግዲህ ወደ ፊት ወረርሽኝ ቢመጣ፣ ኮሮናም ይሁን ሌላ፣ ሥራው ከዛሬ ቢጀመር እመርጣለሁ። እያንዳንዱ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አንድ ገጽ ዕቅድ ጽፎ በወረዳው ቢያጸድቅ ይበቃል፦ አዳራሹ የሚዘጋው በምን ሁኔታ እንደ ሆነና ማን እንደሚወስን፤ አዳራሹ ሲዘጋ የመስኮት ውሰቱ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚጀመር፤ የገጠር ተማሪዎችን ስም፣ ቀበሌና ስልክ የያዘው መዝገብ የት እንደሚቀመጥ፤ የትኛው ሠራተኛ ከጤና ጽሕፈት ቤት ጋር እንደሚሠራ፤ ማስታወቂያዎችንና ደብዳቤዎችን የሚሰበስበው ማን እንደ ሆነ። የመጻሕፍቱ ዝርዝር ቢያንስ በአንድ ወፍራም መዝገብ በርእስ ተራ ተጽፎ መብራት ባይኖርም የሚገለጥ ይሁን። ጸሐፊው ያነሡትን የበጀት ጥያቄም ከዚህ ገጽ ጋር አያይዘን፣ ለእያንዳንዱ ሥራ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ቁጭ ብለን ብናሰላው ደስ ይለኛል፤ እርሳቸው ከፈቀዱ ስሌቱን አብረን ብንሠራው ዝግጁ ነኝ።